የኤንዞ ስደት ለቡሪ ልጅ እንግዳ አይደለም

ኤንዞ ኮሪ-ኦዳን ዘውድ የሚጭነውም ሚስት የሚያገባውም በአንድ ቀን ነው። በዚያው ቀን የሚስቱ ወንድም ንጋርባ ኤቩ መንግሥቱን ይገለብጥበታል። ወጣቱ ንጉሥ ከሙሽራዪቱ ከኤሪን ጋር ከአገሩ ከዛማ ይሰደዳል፤ የአያት የቅድመ አያቶቹን ኃይል እየሰበሰበም ዙፋኑን ለማስመለስ አገር ላገር ይንከራተታል። ያውንዴ የሚገኘው ኪሮኦ ጌምስ የተባለው የካሜሩን ኩባንያ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 14 ቀን 2016 ለገበያ ያቀረበው «አውሪዮን» የተሰኘ ጌም የሚጀምረው እንዲህ ነው።

ይህን ታሪክ የካርቱሟ ቡሪ ልጅ ቢጫወተው ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። ከጣና የወጣው ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር ሊገናኝ ጥቂት ሲቀረው የሚያልፈው በቡሪ ዳር ነው። ሰፈሩ ለሱዳን ጦር ጠቅላይ መምሪያ ቅርብ በመሆኑ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ሲፈነዳ ተኩሱ ደጁ ላይ ነበር። ነዋሪው የያዘውን ይዞ ወጣ። በጅሬፍና በዴም ሰፈሮች ይኖሩ ከነበሩት ሐበሾችም ብዙዎቹ በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ተመለሱ። ቤቱን ጥሎ የወጣ ሰው የኤንዞን የመጀመሪያ ምዕራፍ ከሌላው ተጫዋች በተለየ ልብ ያየዋል።

«አውሪዮን» ጌመኞች አክሽን አርፒጂ ከሚሉት ወገን ነው። ተጫዋቹ አንድ ጀግና ይዞ ያሳድገዋል፣ ያስታጥቀዋል፣ ፍልሚያውንም በራሱ ጣት ያካሂዳል። ሥዕሉ በእጅ የተሳለ ነው። ልብሱ፣ ጌጡ፣ የከተማው ቀለም ሁሉ ከአፍሪካ የተቀዳ ሲሆን የአውሮፓ ግንብና ዘንዶ የለበትም። ኤንዞ ከፊቱ የተደረደሩትን ጠላቶች በቡጢና በአስማት ሲያጣድፍ ኤሪን ከጎኑ ሆና ታግዘዋለች። የአያቶቹን ኃይሎች አንዱን ከሌላው ማዋሃድ ሲጀምር ደግሞ የውጊያው ስልት እየሰፋ ይሄዳል። ጉድለትም አለበት። ወሬው ይበዛል፣ ተጫዋቹ ከመዋጋት ይልቅ ሲያነብ የሚቆይባቸው ሰዓታት አሉ፤ የእንግሊዝኛው ትርጉምም ያልታሸ ነው። ቢሆንም መጀመሪያ ላይ የሚታየው የራስ መልክ ይህን ሁሉ ያስችላል። ትልልቆቹ ኩባንያዎች በብዙ ሚሊዮን ዶላር ከሚያወጧቸውና እርስ በርስ ከሚመሳሰሉት ጌሞች ተለይቶ የሚታወሰውም በዚሁ መልኩ ነው።

ትናንሽ ቡድኖች የሚያሸንፉት በመልክ ነው። ሱፐርጃያንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ባስቲዮን»ን እ.ኤ.አ. በ2011 ሲያወጣ ገና ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ ሥራውንም የጀመሩት በአንድ ቤት ሳሎን ውስጥ ነው። በዚያ ጌም ጀግናው አንድ እርምጃ በተራመደ ቁጥር የድንጋዩ ወለል ከሥር እየተነሳ እግሩ ሥር ይነጠፋል፣ ተራኪው ደግሞ ያደረገውን ሁሉ በሻካራ ድምፅ ይናገርለታል። ያንን ወለል ያየ አይረሳውም። ይኸው ኩባንያ «ሄዲስ»ን መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 ነበር፣ ያውም ሳያልቅ። ተጫዋቾች እየገዙ፣ እየተጫወቱ፣ እየነቀፉ ቆይተው ጌሙ በሴፕቴምበር 2020 ተጠናቀቀ። ከማለቁ በፊት ብቻ 700,000 ያህል ቅጂ ተሽጧል። ገንዘቡ ሥራውን አስጨረሰው፣ ነቀፋውም አረመው።

ካርቱም መልክ አያጣም። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 6 እስከ ጁን 3 ቀን 2019 ሕዝቡ በተቃውሞ በጦሩ ጠቅላይ መምሪያ ደጃፍ ተቀምጦ በነበረበት ጊዜ ወጣት ሠዓሊዎች የአካባቢውን ግድግዳ በቀለም ሸፍነውት ነበር። ከሥዕሎቹ መካከል ነጭ ቶብ የለበሱ ሴቶች ነበሩ፤ ሰልፈኛዋን ሴትም ሕዝቡ በጥንቶቹ የኩሽ ንግሥቶች ማዕረግ «ካንዳካ» ይላት ነበር። ቡሪ የዚያ ንቅናቄ ዋና ምሽግ ነበረች። ያንን ግድግዳ የሳለ እጅ የጌም ዓለም መሳል አያቅተውም።

ታሪኩም እንዲሁ ሞልቷል። የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፊ ስትራቦን አንድ ዓይኗ የጠፋ ካንዳካ ሮማውያንን እንደወጋች ጽፏል፤ የታሪክ ሊቃውንት አማኒሬናስ ናት ይላሉ። የኩሽ ሠራዊት ዛሬ አስዋን የምትባለውን ከተማ ወርሮ የአውግስጦስ ቄሣርን ሐውልቶች ማረከ። ከእነዚያ የአንዱ የነሐስ ራስ በኩሽ ከተማ በሜሮዌ ውስጥ ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ተቀብሮ እ.ኤ.አ. በ1910 በቁፋሮ ተገኘ፤ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ወጪ ወራጁ ሁሉ የቄሣርን ራስ እንዲረግጥ ታስቦ እንደተቀበረ ይታመናል። በአራተኛው መቶ ዘመን ደግሞ የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በኖባና በካሱ፣ ማለትም በኩሽ፣ ላይ መዝመቱን በግዕዝ አስጽፏል። ከዚህ በላይ ምን የጌም ታሪክ ይፈለጋል? «ሲቪላይዜሽን 6»ን የሠሩት አሜሪካውያን ግን ቀድመው አውቀውታል፤ የኩሿን አማኒቶሬን እ.ኤ.አ. በ2017፣ አጼ ምኒልክን በ2020 ጌማቸው ውስጥ አስገብተዋል። ሊነቀፉ አይገባም። የሚያስቆጨው ባለቤቶቹ ወደ ኋላ መቅረታቸው ነው።

የቀሩትም በስንፍና አይደለም። አሜሪካ ሱዳን ላይ የጣለችው የንግድ ማዕቀብ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2017 ለሃያ ዓመት ቆይቷል። በእነዚያ ዓመታት የካርቱም ወጣት በባንክ ካርድ ከውጭ መግዛትም ሆነ የሠራውን ለውጭ መሸጥ አይችልም ነበር። ኪሮኦም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2015 ከተጫዋቾች ገንዘብ ያሰባሰበበት ኪክስታርተር የተባለው ድረ ገጽ ከሚያስተናግዳቸው አገሮች መካከል ካሜሩን ስላልነበረች፣ ከ40,000 ዩሮ በላይ ያገኘው በአውሮፓ በኩል ዞሮ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቀኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ን ሠርቶ ዶሮዋን ከአሳዳጇ ሲያስሮጥ፣ ችሎታው እዚህም እንዳለ አሳይቷል። ሆኖም አንድ ጌም ስቲም በተባለው የኢንተርኔት መደብር ለማስመዝገብ የሚከፈለውን 100 ዶላር የአዲስ አበባ ልጅ በራሱ ካርድ ለመክፈል ሲቸገር፣ ችሎታው ሜዳ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ጥያቄው ለባንኮችና ለብሔራዊ ባንክ ነው። ጌም ሠሪ ወጣት እንደ ቡና ላኪው ሁሉ ላኪ ነው፤ ዶላር ያመጣል። መመዝገቢያውን የሚከፍልበት፣ ከውጭ የሚላክለትን ሽያጭ የሚቀበልበት ሒሳብ ያለ ውጣ ውረድ ይከፈትለት። ዛሬ ካይሮ፣ ካምፓላና አዲስ አበባ የተበተኑት የካርቱም ሠዓሊዎች ከአዲስ አበባ ፕሮግራመሮች ጋር ቢቀመጡ ሙሉ ጌም እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። አማኒሬናስ፣ አንድ የጦር ሜዳና የአስዋን ግንብ ለመጀመሪያው ምዕራፍ ይበቃሉ። ያንን በአምስት ዶላር ይሽጡት፣ የተጫዋቹን ነቀፋ ይስሙ፣ ኢዛናን በሁለተኛው ያስገቡት።