የቮልስዎን የኋላ ፓራውልት ከመቀየርዎ በፊት

በቦሌ መንገድ ድምፅ በማያሰሙት አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች መካከል አንዲት ቮልስ እየተንተከተከች ስታልፍ ዞሮ የማያያት ጥቂት ነው። ከአባት ወይም ከአጎት የተወረሰች ቮልስ በግቢዎ ቆማ ከሆነና እድሳት ካሰቡ፣ አንድ ሐሳብ ሳይመጣብዎ አይቀርም፦ «የኋላ ፓራውልቷን በድሮው ዓይነት ብለውጠውስ?»

ምኞቱ የሚገባ ነው። የድሮው ፓራውልት፣ በአሁኑ አነጋገር ባምፐሩ፣ ክብ ያለና ሁለት ቀንዶች የቆሙበት ነው። ፋብሪካው ለ1968 ሞዴል (ዘመኑ እ.ኤ.አ. ነው) በአብዛኞቹ ቮልሶች ላይ ጠርዘ ቀጥ ያለ፣ ቀንድ የሌለውና ከፍ ብሎ የሚቀመጥ ፓራውልት ገጠመ። ለዚሁ ሲባል የፊትና የኋላ ክዳኖቹን አሳጠረ። ርካሹ 1200 ሞዴል ግን የድሮውን ይዞ ለተወሰኑ ዓመታት ቀጠለ።

ስለዚህ ሊብሬ ላይ የተጻፈው ዓመት ብቻውን አያስተማምንም። በዚህ ሁሉ ዘመን ፓራፋንጎዋም ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ገንዘብ ይዘው ሶማሌ ተራ ከመውረድዎ በፊት ጎንበስ ብለው መያዣው ብረት በፓራፋንጎው በኩል የሚያልፍበትን ቀዳዳ ይዩ። በኋለኞቹ ሞዴሎች ቀዳዳው ከፍ ያለ ስለሆነ የድሮው መያዣ አይገጥምም።

እዚህ ላይ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው የድሮውን ፓራፋንጎ ከነመያዣው ፈልጎ መግጠም ነው፤ ጥሩ ነው፣ ግን ወጪው ይበዛል። ሁለተኛው በነባሩ ቀዳዳ ገብቶ የድሮውን ፓራውልት የሚሸከም ማስማሚያ መያዣ መጠቀም ነው። ሦስተኛው ግራይንደር አንስቶ ፓራፋንጎውን መቁረጥ ነው። ይህን ሦስተኛውን ይተዉት። የተፈታ ቡሎን ይመለሳል፣ የተቆረጠ ላሜራ ግን አይመለስም። የተቆረጠው ጠርዝ ደግሞ ክረምት ሲመጣ መጀመሪያ የሚዝገው ነው።

ሌላም መርሳት የሌለብዎ ነገር አለ። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው። በመገናኛ ወይም በገርጂ መጨናነቅ ከኋላ የሚመጣ ግፊት ሞተሩ ጋ ከመድረሱ በፊት የሚያገኘው ያንን ብረት ነው። ስለዚህ መያዣው ከመኪናዋ አካል ጋር በቡሎን መታሰር አለበት። በስሱ ፓራፋንጎ ላይ የተበየደ ፓራውልት ጌጥ ነው እንጂ መከላከያ አይደለም።

ላሜራ ሠራተኛው ሲገጥም አጠገቡ ይቁሙ። መኪናዋ ሜዳ ላይ ትቁም፤ የጎማዎቿ ንፋስ እኩል ይሁን። ቡሎኖቹ መጀመሪያ በእጅ ብቻ ይጠበቁ፤ ከዚያ ከመሬት እስከ ፓራውልቱ በግራም በቀኝም በሜትር ይለኩ። የሞተሩ ክዳን ሳይነካ መከፈቱን፣ ሁለቱ የጭስ ማውጫ ቱቦዎች ብረቱን አለመንካታቸውንና ታርጋው አለመሸፈኑን ያረጋግጡ። ውኃ እንዳይገባም በቀዳዳው ዙሪያ አዲስ ጎሚኒ ያስገቡ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ቡሎኑ በቁልፍ ይጥበቅ። ክዳኑ አጭሩ ዓይነት ከሆነ በክዳኑና በፓራውልቱ መካከል ክፍተት ይታያል፤ አስቀድመው ይወቁት፣ የሠራተኛው ጥፋት አይደለም።

በመጨረሻ፣ የወለቀውን ፓራውልት ለቆራሌው አይስጡ። ከነቡሎኑ በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡ። እናትዎ ከገበያ ስትመለስ ዘንቢሏን ያሳረፈችበት፣ እርስዎም በልጅነትዎ የተቀመጡበት ብረት ሊሆን ይችላል። አባትዎ በሕይወት ካሉም መፍቻው ከመነሳቱ በፊት ያማክሯቸው። መኪናዋ በስምዎ ብትዞርም፣ ትዝታዋ የቤተሰቡ ሁሉ ነው።