ከጣልነው ነገር የሚሠራ ጥበብ

ሰው አንድን ዕቃ ከእጁ ሲጥል ከዓለም ያስወገደው ይመስለዋል። ይሁን እንጂ የተጣለ ነገር ቦታውን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። በተለይ ፕላስቲክ በአፈር ውስጥ ቶሎ ስለማይበሰብስ፣ ከደጃፍ ወደ ቦይ፣ ከቦይም ወደ ወንዝ እየተሻገረ ከእኛው ጋር ይኖራል። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ለብዙ ዓመታት ሲከማችበት በነበረው በቆሼ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎች አልቀዋል። ይህም ከዓይን የራቀ ቆሻሻ ከሰው እንዳልራቀ ያስረዳል።

ታዲያ ልናየው የማንፈልገውን ነገር ማን ያሳየን? በእኔ አስተያየት ይህን ከሚችሉት አንዱ የሥነ ጥበብ ሰው ነው። ለዚህም ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ምሳሌ ይሆነናል። ኤልያስ ቀድሞ አዝራርንና የጠርሙስ ቆርኪን፣ በኋላም በፕላስቲክ የተሸፈነ ሽቦንና የኮምፒዩተር ቁልፎችን ከመርካቶ እየሰበሰበ፣ ሽቦውን እየጎነጎነ በገበታ ላይ በመደርደር ታላላቅ ሥራዎችን ሠርቷል። ሥራዎቹ ከሩቅ ሲታዩ ማሳ ወይም ከተማ ይመስላሉ፤ ሲቀርቧቸው ግን እያንዳንዱ ቁራጭ ሰው ተጠቅሞ የጣለው ዕቃ ሆኖ ይገኛል። ከመስከረም አሰግድ ጋር በመሆን በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ መካኒሳ አካባቢ ያቋቋመው ዞማ ሙዚየምም በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው ቀድሞ ተበክሎ በነበረ መሬት ላይ ነው።

አንዳንድ ሰዎች፣ «አንድ ሠዓሊ የሚያነሣው ቁራጭ ከተማው በየቀኑ ከሚጥለው ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም» ይላሉ። ስለ መጠን ከሆነ አባባላቸው እውነት ነው። ፌስታልን ሊገታ የሚችለው በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ እንጂ ሥዕል አይደለም። ነገር ግን ሕግ በፈቃድ የሚከበረው ሰው የሕጉን ምክንያት ሲረዳ ነው፤ ጥበብም ይህን ምክንያት በዓይን የሚታይ ያደርገዋል።

እርግጥ ለጌጥ ሲባል አዲስ ጠርሙስ ገዝቶ መቁረጥ ቆሻሻን ያበዛል እንጂ አይቀንስም። ስለዚህ ተማሪዎች በመጀመሪያ በግቢያቸው በአንድ ሳምንት የወደቀውን ፕላስቲክ ይሰብስቡ፤ ይቁጠሩትም። ከዚያ በኋላ በእርሱ አንድ ሥራ ሠርተው ቁጥሩን ከሥሩ ይጻፉ። በሚቀጥለው ወር ቁጥሩ ቀንሶ ከተገኘ፣ ሥራቸው ከውበቱ ሌላ ጥቅም እንዳለው በተግባር አረጋገጡ ማለት ነው።