ለሞጆ የቀረበች ትንኝ

የምድር ሙቀት ሲጨምር ወባ ወደ ደጋ ይወጣል ወይ? ጥያቄው ተመራማሪዎችን ለዓመታት አከራክሯል። ክርክሩን ወደ አንድ ወገን ካጋደሉት ማስረጃዎች አንዱ የተገኘው ከሞጆ ደረቅ ወደብ ብዙም ሳይርቅ፣ በደብረ ዘይት (በዛሬዋ ቢሾፍቱ) ዙሪያ ካሉ ቀበሌዎች የወባ መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣው ጥናት፣ ከ1993 እስከ 2005 የተመዘገቡትን ሕሙማን በየቀበሌያቸው ከፍታ ለይቶ ከኮሎምቢያ ተራራማ አካባቢ መረጃ ጋር አስተያየ። በሞቃት ዓመት በሽታው ሽቅብ ይወጣል፤ በቀዝቃዛ ዓመት ቁልቁል ይመለሳል። በሁለቱም አገር ውጤቱ አንድ ሆነ። ይህ ግኝት የምሥራቅ ሸዋ ሰው ሕመም ተመዝግቦ የተገኘ ነው። እዚያው ምሥራቅ ሸዋ ውስጥ ግን ሲነሳ የምሰማው ከስንት አንዴ ነው፤ ይህ ይቆጨኛል።

የጥንት ሰዎች ቆላን የሚፈሩት በንዳዱ ነበር። ቀን ወርዶ አርሶ፣ ሲመሽ ወደ ደጋው መመለስ በብዙ አካባቢ የተለመደ ነበር። ልማዱ ያለ ምክንያት አልመጣም። የወባ ተውሳክ በትንኟ ሆድ ውስጥ እንዲያድግ ሙቀት ያስፈልገዋል። ገዳዩ ፋልሲፓረም አየሩ ከ18 ዲግሪ በታች ሲወርድ እድገቱ ይገታል። በ20 ዲግሪ አራት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፤ በ25 ዲግሪ ግን 12 ቀን ይበቃዋል። ትንኟ ዕድሜዋ ከጥቂት ሳምንት ስለማያልፍ፣ በቀዝቃዛ አገር ተውሳኩ ሳይደርስ እሷ ቀድማ ትሞታለች። የደጋውን ሰው ለዘመናት የጠበቀው የቀናት ልዩነት ነው። አንድና ሁለት ዲግሪ ሲጨመር ያ ልዩነት ይጠባል።

እንግዲህ ሞጆ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር፣ አዳማ 1,700 ሜትር፣ ቢሾፍቱ ደግሞ ከ1,900 ሜትር በላይ ላይ ይገኛሉ። በአገራችን የወባ ቀጣና ድንበር ሆኖ የቆየው 2,000 ሜትር ነው። ሦስቱም ከተሞች ከመስመሩ ሥር፣ ሙቀቱ ትንሽ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ዕጣቸው በሚለዋወጥበት ከፍታ ላይ ናቸው ማለት ነው። ከመስመሩ በላይ ያለው ሰው በሽታውን ስላልለመደው፣ ወባ ሲወጣበት የሚከፍለው ከባድ ነው። በ1958 ዝናቡም ሙቀቱም ከወትሮው ሲለይ ወባ እስከ 2,150 ሜትር ድረስ ወጥቶ ነበር። ያኔ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፤ 150,000 ሰው እንደሞተም ተገምቷል።

ስለ አየር ንብረት ለውጥና ስለ ዱር እንስሳት ስናወራ ቶሎ የሚታወሰን ቀይ ቀበሮ ነው። ተገቢም ነው። እንደ ባሌና ሰሜን ባሉ ተራሮች ከ3,000 ሜትር በላይ ተጠግቶ የቀረው አዋቂ ቀበሮ ከ500 አይበልጥም። ሙቀቱና እርሻው ወደ ላይ በገፉት ቁጥር ተራራው ያልቅበታል። ግን ያው ሙቀት ለሌላው ፍጥረት አገር ያሰፋለታል። የሚጠፋውን እየቆጠርን የሚበዛውን ካልቆጠርን ለውጡን በከፊል ብቻ ነው ያየነው። የሚበዛው ደግሞ ከቀበሮው ይልቅ ለአልጋችን የቀረበ ነው።

ነባሯን የወባ ትንኝ፣ አኖፌሌስ አራቢየንሲስን፣ የስምጥ ሸለቆ ሰው በደንብ ያውቃታል። እንቁላሏን የምትጥለው ዝናብ ባቆረው ኩሬ፣ በከብት ኮቴ ጉድጓድ፣ ሐይቅ ሲሸሽ ዳሩ ላይ በሚቀር ውሃ ውስጥ ነው። የቆቃ ግድብ ከተሠራ ከ1960 ወዲህ ለውሃው ቀረብ ብሎ የሚኖረው ሕዝብ ከራቀው ይልቅ በወባ እንደሚጠቃ ጥናቶች አሳይተዋል። ቢሆንም ይህች ትንኝ ወቅት አላት። ክረምቱ ሲወጣ ትበዛለች፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ታስቸግራለች፣ በጋው ሲበረታ ትመነምናለች። የመከላከያ ሥራችን በሙሉ፣ ከአጎበሩ እስከ ቤት ውስጥ ርጭቱ፣ በእሷ ጠባይ ላይ የተቀየሰ ነው።

አሁን የመጣችው ሌላ ናት። አኖፌሌስ ስቴፈንሲ አገሯ ደቡብ እስያና የአረብ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ነው። በ2012 ጅቡቲ ውስጥ ተገኘች፤ በመርከብ ሳትመጣ አልቀረችም ተብሎ ይታመናል። በዚያው ዓመት ጅቡቲ የነበራት የወባ ሕመምተኛ 27 ብቻ ነበር፤ አገሪቱ ወባን ለማጥፋት ጫፍ ደርሳ ነበር። በ2020 ቁጥሩ ከ73,000 አለፈ። እኛ ዘንድ በ2016 በቀብሪደሃር ታየች። በ2018 በተካሄደ አሰሳ ከጎዴ እስከ ሰመራ፣ ከድሬዳዋ እስከ ባቲና አዋሽ ሰባት ኪሎ ተገኘች። አዋሽ ሰባት ኪሎ ከሞጆ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለካሚዮን ግማሽ ቀን አይሞላም።

ይህች ትንኝ የከተማ ናት። ኩሬና ረግረግ አትፈልግም። የሲሚንቶ ገንዳ፣ በርሜል፣ ክዳኑ የተሰበረ ሮቶ፣ የግንባታ ጉድጓድ፣ ውሃ የቋጠረ አሮጌ ጎማ ይበቃታል። ውሃው በሰው እጅ የሚሞላ ስለሆነ በበጋም ትራባለች። ሰውንም ከብትንም ትነድፋለች፣ ምሽቱ ገና ሳይገፋ ትጀምራለች፣ ብዙ ዓይነት ፀረ ተባይ ትቋቋማለች። አጎበር ውስጥ ሳንገባ የምታገኘን ትንኝ ናት። የእኛን አገር ተውሳክ መሸከም ትችል እንደሆነ የተፈተነውም አዳማ ላይ ነው። የአርማወር ሃንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ባልደረቦች ከአዋሽ ሰባት ኪሎ የተለቀሙ እጮችን አሳድገው የአዳማ ወባ ታማሚዎችን ደም መገቧቸው። በ2021 የታተመው ውጤት ስቴፈንሲ ሁለቱንም የወባ ዓይነቶች፣ ፋልሲፓረምንና ቫይቫክስን፣ እንደምትቀበል፣ ቫይቫክስን ደግሞ ከነባሯ ትንኝ ይበልጥ እንደምትቀበል አሳየ።

ከቤተ ሙከራ ውጭ የታየው በድሬዳዋ ነው። በ2019 ዓመቱን ሙሉ ከ205 ያልበለጠ የወባ ሕመምተኛ የነበራት ከተማ በ2022 ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ብቻ ከ2,400 በላይ መዘገበች። ወቅቱ ደረቅ ነው፤ በቀድሞው ልማድ ወባ የሚያርፍበት ጊዜ። ተመራማሪዎች ቤት ለቤት ሄደው ሲያዩ ከታማሚዎቹ ቤት አካባቢ የተገኘችው ትንኝ በአብዛኛው ስቴፈንሲ ነበረች፤ ተውሳኩንም ተሸክማ ተገኘች። ተውሳኩ ራሱ መድኃኒት የመቋቋምና ከፈጣን ምርመራ የማምለጥ ምልክት ነበረው።

ነገሩን ማጋነን አልፈልግም። በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታመመ፤ ከ1,100 በላይ ሞተ፤ ከሕሙማኑ ከአርባ በመቶ በላይ የሚሆነው በኦሮሚያ ነበር። የዚህን አብዛኛውን ያመጡት ነባሮቹ ትንኞች፣ የሰላም መደፍረስና የጤና አገልግሎት መቋረጥ ናቸው እንጂ እንግዳዋ አይደለችም። ስጋቴ ሌላ ነው። ሙቀቱ ደጋውን እየከፈተ ባለበት ሰዓት፣ የበጋውን እረፍት የማታውቅ የከተማ ትንኝ በመንገዱ እየመጣች ነው። ሁለቱ ለውጦች በአንድ ቦታ የሚገናኙ ከሆነ ያ ቦታ ከአዋሽ እስከ ቢሾፍቱ ያለው መስመር ነው ብዬ አምናለሁ።

የመስመሩ እምብርት ደግሞ ሞጆ ነው። የአገሪቱ የገቢ ዕቃ ከዘጠና በመቶ በላይ በጅቡቲ በኩል ይገባል፤ ከኮንቴነሩ ብዙው ሞጆ ላይ ያርፋል። በ2018 መደበኛ ሥራ የጀመረው ባቡር በሞጆ ያልፋል፤ የአዋሳው መንገድ ከዚሁ ይገነጠላል። ወደ መቂ፣ ወደ ዝዋይ፣ ወደ ሻሸመኔ የሚሄድ ዕቃ ከዚህ ነው የሚነሳው። በካሚዮን ሸራ እጥፋት ውስጥ የቀረ ውሃ፣ በተሳቢው ላይ የታሰረ ትርፍ ጎማ፣ የሾፌርና የረዳት ጀሪካን ሁሉ ትንኝን ለማጓጓዝ ይበቃሉ። ተመራማሪዎች የአፍሪካን ወደቦች ስቴፈንሲ ካለባቸው አገሮች ጋር ባላቸው የመርከብ ንግድ መዝነው፣ ገና ትንኟ ሳትገኝ በነበረው የ2011 ንግድ ሱዳንና ጅቡቲ ከላይ እንደነበሩ አሳይተዋል። አንድ ሰው ያኔ አይቶት ቢሆን ኖሮ የት መጠበቅ እንዳለብን ይነግረን ነበር። ለሞጆ ያንን ስሌት መሥራት አያስፈልግም፤ ኮንቴነሩ በዓይን ይታያል።

ስለዚህ ወደቡ ሲነሳ ስለ ቀረጥና ስለ መጨናነቅ እንደምንነጋገረው ሁሉ ስለ ውሃውም እንነጋገር። በኮንቴነር ጣሪያና በሸራ ላይ የሚያቁር ውሃ በየሳምንቱ የሚፈስበት ሥርዓት ይኑር። የእጭ አሰሳ በወደቡ፣ በባቡር ጣቢያውና በካሚዮን ማደሪያዎቹ ዓመቱን ሙሉ ይካሄድ፤ ውጤቱም ለነዋሪው ይነገር። በመንገዱ ዳር ያሉ ጎሚስታዎች አሮጌ ጎማ ጣሪያ ሥር እንዲያስቀምጡ ወይም እንዲበሱት ቢደረግ ወጪው ከባድ አይደለም።

ከባዱ የቤት ውስጥ ውሃ ነው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሰው በርሜል የሚሞላው ቧንቧው በፈረቃ ስለሚመጣ ነው። ዝናቡ ሲዛባና ድርቅ ሲበረታ ውሃ ማጠራቀም ይጨምራል፤ ማጠራቀሙ ሲጨምር የስቴፈንሲ ቤት ይበዛል። ለነባሯ ትንኝ መጥፎ የሆነው ደረቅ ዓመት ለእንግዳዋ መልካም የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው። ለእናቶች «ውሃ አታጠራቅሙ» ማለት የማይሆን ምክር ነው፤ የቤቱ ውሃ ያልቃል። የሚሆነው ክዳን ነው። ሙምባይን የመሳሰሉ የሕንድ ከተሞች የውሃ ማጠራቀሚያ ትንኝ በማያስገባ ክዳን እንዲዘጋ በሕግ ያስገድዳሉ። እኛም ከሕጉ በፊት ክዳኑ በርካሽ እንዲቀርብ ማድረግ እንችላለን። ቧንቧው ሳይቆራረጥ መምጣት ከጀመረ ደግሞ በርሜሉ ራሱ ከግቢው ይወጣል፤ የውሃ አገልግሎት የወባ መከላከያ ሆኖ መታቀድ አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ስሪላንካ ከወባ ነፃ መሆኗ የተረጋገጠላት በመስከረም 2016 ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ማናር በተባለው አካባቢ ስቴፈንሲ በጉድጓድ ውሃ ውስጥ ተገኘች። አንድም ሰው በእሷ ሳይታመም የጤና ሠራተኞች ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ እየዞሩ እጭ የሚበሉ ዓሦች ለቀቁ፤ ኬሚካልም ጨመሩ። የሞጆና የአዳማ የጤና ጽሕፈት ቤቶች፣ ወደቡን የሚያስተዳድረው ድርጅትና የየከተማው ውሃ አገልግሎት እንዲህ ያለውን ዙር ከሰኔ በፊት መጀመር ይችላሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤቶቹን ያውቋቸዋል። እጩ በሞቃት ወቅት ትንኝ ለመሆን ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ይበቃዋልና፣ ክዳን የሌለው በርሜል በየሳምንቱ ተደፍቶ ግድግዳው በብሩሽ ቢፈተግ ዑደቱ ይቋረጣል።