ከግሸን አምባ የወረዱት እማሆይ

በሐይቅ ከተማ አስተማሪ ከሆንኩ ወዲህ የተማርኩት አንድ ነገር አለ። ይኸውም በጧት ክፍለ ጊዜ የሚያንቀላፋ ተማሪ ሁሉ ሰነፍ አለመሆኑን ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ዓርብ ቀን አንዱን ጐረምሳ በጓደኞቹ ፊት አስነሥቼ ገሠጽኩት። ልጁ መልስ አልሰጠኝም። ኋላ ጓደኛው ቀርቦ እንደ ነገረኝ፣ ከገጠር ይዞት የመጣው ስንቅ ረቡዕ ዕለት አልቆበት ኖሮ ቅዳሜ ወደ ቤቱ እስኪመለስ ድረስ በጥቂት ቆሎና በውሃ ነበር የሚውለው። በዚያን ቀን የተሰማኝን ኀፍረት እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም።

ይህን ያነሣሁት ስለ አንዲት መነኩሲት ላጫውታችሁ ስለ ፈለግሁ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አዲስ አበባ ውስጥ በካቶሊክ ደናግል ትምህርት ቤት የተማረች ናት፤ «ሲስተር» እያለች የምትጠራቸውን መምህርቷን ባነሣች ቍጥር ዐይኗ እንባ ያቀርራል። እኔ እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት አልተማርኩም። ቢሆንም በዚህ በወሎ እኛም የምናነሣቸው መነኩሲት አሉን ብዬ በጐረቤታችን በአምባሰል፣ በግሸን ማርያም ዐሥር ዓመት የኖሩትን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ጠራሁላት።

«እርሳቸውማ ፒያኖ ተጫዋች አይደሉም ወይ? ከተማሪ ጋር ምን አገናኛቸው?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ ነገሩን ከመጀመሪያው ልያዘው። እማሆይ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ሲሆኑ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ፤ የዓለም ስማቸው የውብዳር ነበር። ገና በስድስት ዓመታቸው ለትምህርት ወደ ስዊስ አገር ሄዱ። አብረዋቸው የሄዱት እኅታቸው ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክተርና ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። የውብዳር ግን የሙዚቃ ፍቅር አደረባቸው። ጠላት አገራችንን በወረረ ዘመን ከቤተ ሰባቸው ጋር በኢጣልያ በአዚናራ ደሴት ታስረው ቆዩ። ከዚያም በኋላ ካይሮ ወርደው ኮንቶሮቪች ከሚባል ፖላንዳዊ መምህር ዘንድ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ያህል ቫዮሊንና ፒያኖ ያጠኑ ነበር።

በመጨረሻም በሎንዶን ሮያል የሙዚቃ አካዳሚ ገብተው የመማር ዕድል ተገኘላቸው፤ ነገር ግን የመሄጃው ፈቃድ ሳይሰጣቸው ቀረ። ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ፣ ከእናንተ መካከል የውጭ አገር ትምህርት አመልክቶ ደጅ የጠና ሁሉ ያውቀዋል። እርሳቸው ከሐዘኑ ጽናት የተነሣ ዐሥራ ሁለት ቀን ምግብ ሳይቀምሱ ቆይተው፣ ለሞት ቀርበዋል ተብሎ ሥጋ ወደሙ ተቀበሉ። ሲነሡ ሎንዶን ከልባቸው ወጥታ ነበር። ወደ ግሸን ሄዱ፤ በ21 ዓመታቸውም መነኰሱ።

ግሸን፣ ላልወጣችሁበት፣ ዙሪያው ገደል የሆነ፣ አናቱ በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋ አምባ ነው። በጥንት ዘመን የነገሥታት ልጆች የሚጋዙበት ነበር። ግማደ መስቀሉ አርፎበታል ስለሚባል በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ሕዝቡ ከየአገሩ እየጐረፈ ይወጣዋል። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር አንዲቱ ልጅ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ፒያኖውን በምን አወጡት?» ስትለኝ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አላወጡትም። ዐሥር ዓመት ጫማ ሳይጫሙ፣ ፒያኖ ሳይነኩ፣ በጸሎት ብቻ ኖሩ። አምባሰል ከአራቱ ቅኝቶቻችን የአንዱ ስም አይደለም እንዴ? ሙዚቀኛዋ ሙዚቃን የተዉት ስሙ ዜማ በሆነ አገር መሆኑ እስካሁን ይገርመኛል።

አሁን ወደ ባልደረባዬ ጥያቄ ልመለስ። እማሆይ ከግሸን ከወረዱ በኋላ፣ በ1950ዎቹ ዓ.ም.፣ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለማጥናት ወደ ጐንደር ሄዱ። ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም በወጡ ቍጥር የቈሎ ተማሪዎች በደጀ ሰላሙ ተኝተው ያገኙአቸዋል። ደበሎ ለብሶ፣ አኵፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከውሻ ጋር እየታገለ ቍራሽ የሚለምነውን ተማሪ አያቶቻችን ሁሉ ያውቁታል። ከእኛ ከተማ አጠገብ በሐይቅ እስጢፋኖስ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ወንበር ዘርግተው እነአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ካስተማሩበት ጊዜ ጀምሮ የዚህ አገር ትምህርት ብዙውን ዘመን የቆመው በምጽዋት ነው። ስለ ለመድነው አናየውም። እማሆይ ግን አዩት። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ያላቸው ያ የተዉት ሙዚቃ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ወደ ፒያኖው ተመለሱ። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1967 የመጀመሪያ ሸክላቸው በንጉሠ ነገሥቱ እርዳታ ጀርመን አገር ታተመ፤ የእርሱም ሆነ ከዚያ በኋላ የታተሙት ገቢ ለችግረኛና ለወላጅ አልባ ልጆች ሆነ። በ1984 ኢየሩሳሌም ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም ሄደው፣ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው እስካረፉ ድረስ በዚያው ኖሩ። ስማቸው በዓለም የገነነው «ኢትዮፒክስ» በሚባለው ተከታታይ ኅትመት በ2006 ሥራቸው ከወጣ በኋላ ነው፤ ዕድሜያቸው ያን ጊዜ ከሰማንያ አልፎ ነበር። የውጭ ጋዜጦች ስለ ባዶ እግራቸውና ስለ ጣታቸው ጥበብ ብዙ ጽፈዋል፤ ደግ አደረጉ። እኔን ግን ከሁሉ ይልቅ የሚነካኝ ትምህርት የተከለከለችው ልጅ አድጋ በጐንደር ደጀ ሰላም ፊት መቆሟ ነው።

ባለፈው ወር ከዜማቸው አንዱን ከስልኬ ለክፍሉ አሰማሁ። ድምፁ አነስተኛ ስለ ነበር ልጆቹ ወደ ጠረጴዛዬ ተሰበሰቡ። ሲያልቅ ያ የገሠጽኩት ጐረምሳ፣ «ሸክላው ሲሸጥ ስንት ተማሪ ያበላ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ሌሎቹ ስለ ዜማው ሲነጋገሩ እርሱ ሒሳቡን ያስብ ኖሯል።

ያንኑ ቀን ከባልደረባዬ ጋር ተማከርን። አሁን ስድስት መምህራን ከደመወዛችን ጥቂት ጥቂት እያዋጣን፣ ስንቁ ለሚያልቅበት ተማሪ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ እንጀራ እናስጋግራለን። መዝገቡን የሚይዝልን ያው ልጅ ነው።