ቤትን ከደጃፉ ማንበብ፦ ባለቤትነትና መደብ በአማርኛ ልቦለድ

በወረባቦ ወረዳ ዋና ከተማ በቢስቲማና በዙሪያዋ፣ ከአሮጌው የጭቃ ቤት ጎን ቆርቆሮው ገና የሚያብለጨልጭ አዲስ ቤት ቆሞ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለው ቤት የሚሠራው ብዙ ጊዜ ወደ ዐረብ አገር ሄዳ በሰው ቤት በምታገለግል ልጅ ገንዘብ ነው። ልጅቱ ግድግዳው ሲመረግ አላየችም፤ በቤቱም አድራ አታውቅም። የሚኖሩበት ወላጆቿና ታናናሾቿ ናቸው። አንድ ደራሲ ይህን ቤት በልቦለዱ ቢያስገባውና አንድ ተመራማሪ «የቤቱ ገለጻ የባለቤቱን ጠባይና ማኅበራዊ ደረጃ ያንጸባርቃል» ብሎ ቢጽፍ፣ ወዲያው የሚነሣ ጥያቄ አለ፦ የትኛው ባለቤት?

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም በልቦለድ ጥናት ዘወትር የሚያጋጥመውን አንድ አካሄድ ይፈትናል። በዚህ አካሄድ ቤት ከመቼት ክፍሎች እንደ አንዱ ይቆጠራል፤ ጣሪያው፣ ወለሉ፣ የቤት ዕቃው አንድ በአንድ ይዘረዘራል፤ በመጨረሻም ዝርዝሩ ከገጸ ባሕርይው ጋር ተነጻጽሮ «ቤቱ የባለቤቱ መስታወት ነው» የሚል መደምደሚያ ይሰጣል። አካሄዱ ስሕተት አይደለም፤ ግን ጎዶሎ ነው። ቤት የሚናገረው ስለ ባለቤቱ ብቻ አይደለም። ከባለቤቱ ይልቅ ስለሚገባው፣ ስለሚከለከለውና በደጅ ስለሚቆመው ሰው የሚናገረው ሊበልጥ ይችላል።

የመስታወቱ አስተሳሰብ ጠንካራ ምሳሌዎች አሉት። ፈረንሳዊው ኦኖሬ ደ ባልዛክ በ1835 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ መልክ ባሳተመው «ፔር ጎርዮ» ውስጥ የወይዘሮ ቮኬ የኪራይ ቤትና ሴትዮዋ ራሷ አንዱ ሌላውን የሚገልጹ ሆነው ቀርበዋል። በዚያ ቤት የኑሮ ደረጃ የሚለካው በፎቅ ነው፤ ሽማግሌው ጎርዮ ገንዘቡ በሳሳ ቁጥር ርካሽ ክፍል ወዳለበት ወደ ላይኛው ፎቅ ይወጣል። አንባቢው የሰውየውን ድህነት የሚከታተለው ደረጃውን እየቈጠረ ነው።

ይህን መለኪያ እንዳለ ወደ አማርኛ ልቦለድ ማምጣት ግን አይቻልም። በቀድሞው የኢትዮጵያ መኳንንት ግቢ ማዕርግ የሚለካው ወደ ላይ በመውጣት ሳይሆን ወደ ውስጥ በመዝለቅ ነበር፤ ከቅጥሩ በር ወደ ደጁ፣ ከደጁ ወደ አዳራሹ፣ ከአዳራሹ ወደ እልፍኙ። ቋንቋው ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። «ደጅ ጥናት» የሚለው ሐረግ ሹመትና ፍትሕ ፈላጊው ሰው ከደጅ ቆሞ የሚያሳልፈውን ዘመን ይገልጻል። «አጋፋሪ» እና «እልፍኝ አስከልካይ» የሚባሉት ሹመቶች ማን እስከ የት እንደሚገባ የመወሰን ሥልጣን ናቸው። «መደብ» የሚለው ቃልም በአንድ በኩል በቤት ውስጥ ሰው የሚቀመጥበትና የሚተኛበት ከፍ ያለ የጭቃ ሥራ ነው፤ በሌላ በኩል የኅብረተሰብ ክፍል መጠሪያ ነው። ስለ መደብ የሚያጠና ሰው እንግዲህ መጀመሪያ በመደቡ ላይ ማን እንደተቀመጠ ሊመለከት ይገባዋል።

ንጉሥ ሚካኤል በደሴ ያሠሩት አዳራሽ «አይጠየፍ» ይባላል። ስያሜው ማንንም አለመናቅን ያውጃል። ነገር ግን ግብር በሚበላባቸው አዳራሾች እንግዳው በማዕርጉ ተራ እየገባ በማዕርጉ ቦታ መቀመጡ የታወቀ ሥርዐት ነበር። ደጃፉ ለሁሉ ሲከፈት ልዩነቱ አልጠፋም፤ ወደ መቀመጫው ተዛወረ እንጂ። የአዳራሹን ስፋትና የግንቡን ውፍረት ብቻ የሚገልጽ ጥናት ይህን ዝውውር አያየውም።

ልቦለዱም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። በ1958 ዓ.ም. በታተመው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የሚገባው የሰብለ ወንጌል አስተማሪ ሆኖ ነው። ትምህርቱ በሩን ከፈተለት፤ ትውልዱ ግን ከዚያ ወዲያ እንዳያልፍ አገደው። ያ ቤት ዕውቀትን አስገብቶ ጋብቻን ይከለክላል። በአንጻሩ ጉዱ ካሣ የፊታውራሪ ዘመድ እንደመሆኑ ከቤቱ የሚያግደው የለም፤ በሐሳቡ ግን ከቤተሰቡ ሁሉ የራቀ ነው። ቤቱን የፊታውራሪ ትዕቢት መስታወት ብቻ አድርጎ የሚያነብ ሰው ሁለቱንም ያጣቸዋል፤ በአካል ገብቶ በደም የቀረውንም፣ በደም ገብቶ በልብ የወጣውንም። ጉዱ ካሣ የዘመኑን ሥርዐት የታችኛው የላይኛውን ተሸክሞ ከሚኖርበት የድንጋይ ካብ ጋር ማነጻጸሩ በዚህ ላይ ሲታሰብ ትርጉሙ ይሰፋል። ካቡን የሚያውቀው ከላይ የተቀመጠው ሳይሆን ከታች የተሸከመው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ወደ ውስጥ መዝለቅ የማዕርግ ምልክት ከሆነ፣ ጓዳ ድረስ የምትገባው ገረድ ከሁሉ በላይ መሆን አልነበረባትምን? ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ መለኪያውንም ያጠራዋል። ገረድ በሁሉም ክፍል ትገባለች፤ በአንዱም ግን እንደ ቤተኛ አትቀመጥም። ስለዚህ ሊጠና የሚገባው መግባት ብቻ አይደለም፤ በምን ፈቃድ መግባት፣ ገብቶስ መቀመጥ ወይስ መቆም የሚለው ጭምር ነው። በልቦለዶቻችን ውስጥ ከጓዳ ወደ አዳራሽ ምግብ ተሸክመው ብቅ የሚሉና ስማቸው ሳይጠራ የሚያልፉ ሴቶች ጥቂት አይደሉም። ቤቱ የባለቤቱ መስታወት ነው ሲባል እነዚህ ሴቶች በመስታወቱ ውስጥ አይታዩም።

የቁሳቁስ ዝርዝር ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። ጣሪያና ወለል የራሳቸው ምስክርነት አላቸው፤ ሆኖም ምስክርነታቸው በዘመን የታሰረ ነው። ቆርቆሮ በአንድ ዘመን የባለጸጋ ምልክት ነበር፤ ዛሬ የተራው ሰው ክዳን ነው። የባለቤትነት ትርጉም እንኳ በአንድ አዋጅ ሊለወጥ ይችላል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ከዚያ በኋላ ብዙ የከተማ ነዋሪ የሚኖርበት ቤት እርሱ ያልመረጠው፣ ያልሠራውና ሊሸጠው የማይችለው የቀበሌ ቤት ሆነ። የዚያን ቤት የተሰነጠቀ ግድግዳ የነዋሪው ስንፍና ምልክት አድርጎ መተርጎም በገጸ ባሕርይው ላይ ያለ ማስረጃ መፍረድ ነው።

በአማርኛ «ባለቤት» የሚለው ቃል የንብረት ጌታን፣ የትዳር ጓደኛንና በሰዋስው የዐረፍተ ነገሩን አድራጊ ሦስቱንም ይጠራል። የቢስቲማው ቤት ሦስቱን ይለያያቸዋል። ቤቱን ያሠራችው፣ ቤቱ በስሙ የሚጠራውና በቤቱ የሚኖረው አንድ ሰው አይደሉም። የልጅቱ ድካም የሚገኘው በግድግዳው ውስጥ ነው፤ እርሷ ግን በዚያው ሰዓት ባሕር ማዶ በሌላ ሴት ማእድ ቤት ውስጥ ቆማለች፤ በሁሉም ክፍል ትገባለች፣ በአንዱም አትቀመጥም። አንዱን ቤት ለማወቅ ሌላውን ማየት ግድ ይሆናል።

በልቦለድ ውስጥ ያለን ቤት የሚያጠና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ስለ ጣሪያውና ስለ ዕቃው ከመጻፉ በፊት ሦስት ነገሮችን ቢጠይቅ ጥናቱ ይጠነክራል፦ ቤቱ በማን ድካም ቆመ? ማን እስከ የት ይገባል? ከገቡትስ የሚቀመጠው ማን ነው? መልሱ የባለቤቱን ጠባይ አይሸሽግም፤ እንዲያውም ሰው ከሚገለጽባቸው ነገሮች ዋናው በደጁ የቆመውን የሚቀበልበት መንገድ ነውና ይበልጥ ያጎላዋል። የቢስቲማዋ ልጅ አንድ ቀን ተመልሳ በገንዘቧ በተሠራው ቤት ደጃፍ ስትቆም የሚጻፈው ታሪክም የሚጀምረው ከቆርቆሮው አይሆንም። እንደ ልጅ፣ እንደ እንግዳ ወይስ እንደ ባለቤት ትገባለች ከሚለው ይሆናል።