ሥዕልን ስለ መጠበቅ

ሥዕል በሠዓሊው እጅ ይወለዳል፤ ዕድሜው ግን በጠባቂው እጅ ነው። በጎንደር በደብረ ብርሃን ሥላሴ እንደሚታየው፥ የቀደሙት ሠዓልያን በሸማ ላይ ሥለው በግድግዳ ይለጥፉ ነበር። እንዲህ ያለው ሥዕል ጣራው ባፈሰሰ ጊዜ ከግድግዳው እንደሚላቀቅ ሁሉም ያውቃል።

ዛሬ ግን አክሪሊክ የተባለው በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም በብዙ ሠዓልያን እጅ ገብቷል። ይህም ቀለም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ለገበያ የወጣ ሲሆን፥ ፈጥኖ ስለሚደርቅና ከደረቀም በኋላ በውሃ ስለማይሟሟ፥ የማያረጅ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

አክሪሊክ የደረቀ ቢመስልም ባሕርዩ ለስላሳ ነው። በሙቀት ጊዜ እየላላ አቧራውን፥ የጧፉን ጥላሸትና የዕጣኑን ጢስ ይይዛል፤ ሁለት ሥዕሎች ፊት ለፊት ተደራርበው ቢቀመጡም ይጣበቃሉ። በደጋ አገር ሌሊት እንደሚሆነው ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በታች ሲወርድ ደግሞ ቀለሙ ይገርራል፤ በዚያን ጊዜ ቢጠቀለል ወይም ቢመታ ይሰነጠቃል። እርጥበት በበዛበት ስፍራ ሻጋታ ይይዘዋል፤ በመስኮት የሚገባውም ፀሐይ አንዳንዱን ቀለም ያደበዝዘዋል።

ከሁሉ የሚብሰው ጉዳት ግን በበጎ አሳብ የሚደረገው ነው። በዓል ሲደርስ ሥዕሉ እንዲጠራ ተብሎ በእርጥብ ጨርቅና በሳሙና ይታሻል። በዚህ ቀለም ውስጥ ግን ሲሠራ የገባ ሳሙና መሰል ነገር አለ፤ እርሱም ከጊዜ በኋላ ወደ ላይ እየወጣ አቧራ ይስባል። ውሃ በነካውም ጊዜ ቀለሙ ያብጣል፥ ከጨርቁም ጋራ እየተፋቀ ይሄዳል። እድፉ የለቀቀ ሲመስል የለቀቀው ሥዕሉ ነው።

ስለዚህ የደብር አለቃም ሆነ የመሥሪያ ቤት ሹም ሥዕል ከማሠራቱ በፊት ስፍራውን ይመርምር። ጣራው እንዳያፈስ፥ ግድግዳው እርጥበት እንዳይስብ፥ ጧፉ ከሥዕሉ ርቆ እንዲበራ፥ መስኮቱም መጋረጃ እንዲኖረው ያድርግ። አቧራውን በለስላሳና በደረቅ ብሩሽ በቀስታ ማራገፍ ይበቃል፤ ከዚህ ያለፈውን ሥራ ለባለሙያ መተው ይገባል።

ሥዕል ማሠራት ስም ያስጠራል፤ ሥዕል መጠበቅ ግን አመስጋኝ የሌለው የዘወትር ሥራ ነው። ሆኖም ለሥዕሉ ገንዘብ መድቦ ለጣራው ክዳን መንፈግ፥ የምእመናንን መዋጮና የመንግሥትን ገንዘብ ለዝናብ እንደ መስጠት ይቈጠራል።