የማሸጊያ መጠንና የዋጋ ንጽጽር በጅግጅጋ ገበያ

ጅግጅጋን ከበርበራ ወደብ የሚያገናኘው መስመር በቶጎ ውጫሌ የሚያልፍ በመሆኑ በአካባቢው የታሸጉ ሸቀጦች ንግድ ነባር ነው። የዱቄት ወተት በ400፣ በ900 እና በ2 ሺህ 500 ግራም ይታሸጋል። ለአብነት 900 ግራሙ 1 ሺህ 80፣ 2 ሺህ 500 ግራሙ 3 ሺህ 125 ብር ቢሸጥ «ትልቁ ይረክሳል» ያለ ሸማች በኪሎ ግራም 50 ብር አብልጦ ይከፍላል፤ ይህን ቆሞ ማስላት ለሒሳብ ሹምም ቀላል አይደለም።

አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው ዋጋ እንዲለጥፍ ደንግጓል። የሚለጠፈው የጥቅሉ ዋጋ ብቻ ከሆነ ግን መጠን በመቀነስ የሚደረገው ጭማሪ ከተቆጣጣሪም ይሰወራል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው መመሪያ የኪሎ ግራም ወይም የሊትር ዋጋ ጭምር እንዲገለጽ አዟል። የክልሉ የንግድ ባለሙያዎችም የገበያ መረጃ ሲሰበስቡ ከጥቅሉ ዋጋ ጎን የኪሎውን መመዝገብ ይችላሉ።